ቢሴትርና የአንደበት መንበር

የሰው አእምሮ ከአንጎሉ ጋር በምን ማሰሪያ እንደ ተያያዘ ፈላስፎችና ሐኪሞች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲከራከሩ ኖረዋል። ይህ ክርክር ከመጻሕፍት ገጽ ወጥቶ በዓይን በሚታይና በእጅ በሚዳሰስ ማስረጃ መመዘን ከጀመረባቸው ቦታዎች መካከል ስሙ ከሁሉ ይልቅ የሚነሣውን ለማየት የሚሻ ሰው፣ ከፓሪስ ከተማ በስተደቡብ በኮረብታ ላይ ወደ ተሠራው፣ ለብዙ ዘመን የድሆችና የሽማግሎች፣ የእስረኞችና የአእምሮ ሕሙማን መከማቻ ሆኖ ወደ ኖረው ወደ ቢሴትር ሆስፒታል መሄድ ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ ልናወሳ ያሰብነው በዚያ ሆስፒታል በ1861 ዓ.ም. የሆነውን ነገር፣ ለእርሱም መንገድ የጠረገለትን የቀደመውን ዘመን አሳብና ከእርሱ በኋላ የመጣውን ዕውቀት ነው፤ ዓመታቱንና ቀናቱንም ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቢሴትርን በመጀመሪያ ለሆስፒታልነት ያሠራው የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 13ኛ ሲሆን፣ አሳቡም በጦርነት አካላቸው ለጎደለ ወታደሮች መጦሪያ እንዲሆን ነበር። ልጁ ሉዊ 14ኛ በ1656 የፓሪስን ድሆችና ለማኞች በአንድ አስተዳደር ሥር ለመሰብሰብ «ጠቅላላ ሆስፒታል» የተባለውን ድርጅት ባቋቋመ ጊዜ ቢሴትር ለወንዶቹ ተመደበ፤ ሴቶቹም ሳልፔትሪየር ወደሚባለው ቤት ይላኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጧሪ ያጣ ሽማግሌ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወጣት፣ ፍርዱን የሚጠብቅ ወንጀለኛና በሰንሰለት የታሰረ የአእምሮ ሕመምተኛ በአንድ ቅጥር ውስጥ ይኖሩ ጀመር። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ በ1793፣ ፊሊፕ ፒኔል የተባለው ሐኪም ወደ ቢሴትር በተሾመ ጊዜ፣ የሕሙማኑ አለቃ የነበረው ዣን ባቲስት ፒሳን ቀረብ ብሎ በርኅራኄ መነጋገር ከድብደባ ይልቅ እንደሚጠቅም በልምድ ተረድቶ አገኘው፤ በ1797ም የእነዚያን ሕሙማን ሰንሰለት ያስወለቀ ይኸው ፒሳን ነው። እንግዲህ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ የሚያደርገውንና የሚናገረውን በትዕግሥት መመልከት በዚያ ቤት ሥር የሰደደ ልማድ ሆኖ ቈየ፤ ለኋለኛው ግኝት መሠረት የሆነውም ይህ ልማድ ነው።

የአእምሮ መኖሪያ የት እንደ ሆነ የነበረው ክርክር ግን ከቢሴትር እጅግ የሚቀድም ነው። የጥንት ግብፃውያን ሬሳ በሚያደርቁበት ጊዜ ልብን በክብር በደረት ውስጥ ትተው አንጎልን በአፍንጫ በኩል በመንጠቆ እየጎተቱ ያወጡ ነበር፤ የሰው አሳብ የሚያድረው በልብ ነው ብለው ያምኑ ነበርና። ሆኖም በዚያው አገር ተጽፎ በ1862 ሉክሶር ላይ የተገዛውና ዛሬ በገዢው ስም የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ የሚባለው የሕክምና መጽሐፍ 48 ጉዳተኞችን አንድ በአንድ ሲገልጽ፣ ጆሮ ግንዱ አጠገብ አጥንቱ ተሰብሮ ሲጠይቁት መመለስ የተሳነውን ሰው ያነሣል። በግሪክ አገር የሂፖክራተስ ደቀ መዛሙርት ደስታና ሐዘን፣ ማስተዋልና ዕብደት ሁሉ ከአንጎል እንደሚመነጩ ሲጽፉ፣ ታላቁ አርስጣጣሊስ ግን የአእምሮ ዙፋን ልብ ነው፤ አንጎልም የደምን ሙቀት ከማብረድ በቀር ሌላ ሥራ የለውም ብሎ አስተማረ። አምስት መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ ጋሌኖስ የተባለው ሐኪም በሮሜ ሕዝብ ተሰብስቦ እያየ የአንድ ዐሣማ እግሮች አሳስሮ፣ በጮኸ ጊዜ ከአንጎል ወደ ማንቁርት የሚወርደውን ቀጭን ነርቭ ቢቈርጠው፣ እንስሳው መታገሉን ሳይተው ድምፁ ወዲያው ጠፋ፤ በዚህም ድምፅ የሚታዘዘው ለልብ ሳይሆን ለአንጎል መሆኑን ለተመልካቾቹ ገለጸ። ከእርሱም በኋላ በአራተኛው ምዕት መጨረሻ የኤሜሳ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ኔሜስዮስ ስለ ሰው ባሕርይ በጻፈው መጽሐፍ፣ በአንጎል ውስጥ ካሉት ፈሳሽ ከሞላባቸው ክፍተቶች የፊተኛውን ለምናብ፣ የመካከለኛውን ለማመዛዘን፣ የኋለኛውን ለማስታወስ መደበ፤ ይህም ትምህርት በክርስቲያኖችም በእስላሞችም ሊቃውንት ዘንድ ከሺህ ዓመት በላይ ጸንቶ ኖረ።

በእኛም አገር የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ነፍስን ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት እያሉ ሲያስተምሩ፣ ማሰብን ከመናገርና ከሕይወት ጋር የነፍስ ጠባይ አድርገው ይቈጥራሉ። የምዕራቡም ዓለም እንዲሁ ንግግርን ሰውን ከእንስሳ የሚለይ የነፍስ ማኅተም አድርጎ ያይ ነበር። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት በ17ኛው ምዕት ነፍስ ግዙፍነት የሌላት ረቂቅ ናት፤ ከሥጋም ጋር የምትገናኘው በአንጎል መካከል ባለች በአንዲት ትንሽ ዕጢ ነው ብሎ ባስተማረ ጊዜ፣ የቦሔሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ በ1643 በደብዳቤ፣ ረቂቅ የሆነው ግዙፉን ሊያንቀሳቅሰው እንዴት ይቻለዋል ስትል ጠየቀችው። ጥያቄው እጅግ ጥልቅ ነበር፤ ዴካርትም ደጋግሞ ቢጽፍላትም የሚያሳርፋት መልስ አላገኘላትም። ስለዚህ የመናገር ኃይል በዚህ ወይም በዚያ በአንጎል ሥጋ ላይ ያድራል የሚል ሰው ቢነሣ፣ የነፍስን ክብር የነካ መስሎ መታየቱ የሚያስደንቅ አልነበረም።

እንዲህ ያለው ሰው ፍራንዝ ዮሴፍ ጋል የተባለው ሐኪም ነው። ጋል በቪየና ከተማ እያስተማረ፣ የአእምሮ ኃይላት ሃያ ሰባት ናቸው፤ እያንዳንዱም በአንጎል ላይ የየራሱ ቦታ አለው፤ ቦታውም የሰፋ እንደ ሆነ የራስ ቅልን ከላይ ወደ ውጭ ስለሚገፋው በእጅ ዳስሶ የሰውን ጠባይ ማወቅ ይቻላል ይል ነበር። በትምህርት ቤት ሳለ ቃል በቃል ማጥናት የሚቀናቸውን ጓደኞቹን ዓይናቸው ወጣ ያለ ሆኖ ስላያቸው፣ የቃላትን ኃይል ከዓይን በስተኋላ በግንባር በኩል ባለው የአንጎል ክፍል አኖረው። ንጉሠ ነገሥቱ ፍራንሲስ ይህ ትምህርት ሃይማኖትን የሚያፈርስ ነው ብሎ በ1801 ስለ ከለከለው፣ ጋል ቪየናን ለቆ ኋላ በፓሪስ ተቀመጠ። ራስ ቅልን በመዳሰስ ጠባይን አውቃለሁ ያለው ስሕተት ነበር፤ ብዙ አታላዮችም እንጀራ መብያ አደረጉት። የአእምሮ ሥራዎች በአንጎል ውስጥ የየራሳቸው ስፍራ ይኖራቸው ይሆናል የሚለው አሳቡ ግን በምርመራ ሊፈተን የሚገባው ነበር። ፒየር ፍሉራንስ የተባለው ሊቅ የርግቦችንና የሌሎች እንስሳትን አንጎል ከፍሎ እየቈረጠ ከመረመረ በኋላ፣ ትልቁ አንጎል የሚሠራው እንደ አንድ ሁለንተና ሆኖ ነው እንጂ ለየኃይሉ የተለየ ስፍራ የለውም ብሎ ጋልን ተቃወመ። ዣን ባቲስት ቡዮ የተባለው ሐኪም ደግሞ ከ1825 ጀምሮ፣ ንግግራቸው የጠፋ ሕሙማን ሲሞቱ ጉዳቱ በአንጎላቸው ግንባር ተገኝቷል እያለ ከጋል ጋር ወገነ፤ በ1848ም የአንጎሉ የፊተኛ ክፍል በሁለቱም ወገን ጠፍቶ ሳለ ሲናገር የኖረ ሰው ላሳየኝ 500 ፍራንክ እሰጣለሁ እስከ ማለት ደረሰ።

በ1861 የጸደይ ወራት ይህ ክርክር በፓሪስ የአንትሮፖሎጂ ማኅበር ፊት እንደገና ተነሣ። ማኅበሩን ከሁለት ዓመት በፊት ያቋቋመው ፖል ብሮካ በቢሴትር የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። በሚያዝያ 4 ቀን ስብሰባ የቡዮ አማች ኤርነስት ኦበርታን ቆሞ፣ በሽጉጥ ግንባሩን መትቶ አጥንቱ ስለ ተነሣ አንጎሉ በግልጽ ይታይ የነበረ ሰው በፓሪስ ሆስፒታል መታከሙን አስረዳ፤ ሰውዬው ሲናገር ሳለ በሰፊ ዝርግ መሣሪያ አንጎሉን በግንባሩ በኩል ቀስ ብለው ሲጫኑት ንግግሩ በቃሉ መካከል ይቋረጣል፣ ሲለቁትም ይመለሳል። ኦበርታን ይህን ከተናገረ በኋላ፣ ንግግር ብቻ ጠፍቶበት አንጎሉ በግንባር በኩል ደኅና የሆነ አንድ ሰው እንኳ ቢገኝ አሳቤን እተዋለሁ ብሎ ቃል ሰጠ። ብሮካም ይህን በልቡ አኖረው።

ልክ በሳምንቱ፣ በሚያዝያ 11 ቀን፣ በቢሴትር አንድ ሕመምተኛ ወደ ብሮካ ክፍል ተዛወረ። ስሙ ሌቦርኝ ሲሆን ዕድሜው 51 ዓመት ነበር። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር እንደ ነበረ፣ እርሱም የጫማ ፎርማ ከእንጨት እየቀረጸ ይኖር እንደ ነበር በኋላ ዘመን የተገኙ መዛግብት አስረድተዋል። ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ይይዘው ነበር፤ በሠላሳ ዓመቱ ግን ንግግሩ በሙሉ ስለ ጠፋ ወደ ቢሴትር ገባ፣ ከዚያም አልወጣም። ሲጠይቁት መልሱ ሁልጊዜ «ታን፣ ታን» የሚል አንድ ድምፅ ነበር፤ ድምፁን እያነሣና እያወረደ፣ በእጁም እያመለከተ አሳቡን ሊያስረዳ ይደክም ነበር። በሆስፒታሉም ሁሉ ስሙ ተረስቶ ታን ይባል ነበር። ዐሥር ዓመት ከቈየ በኋላ ቀኝ እጁ እየደከመ ሄደ፤ ከዚያም ቀኝ እግሩ ተከተለ፤ በመጨረሻም ሰባት ዓመት ያህል ከአልጋ ሳይነሣ ኖረ። አብረውት የነበሩት ሕሙማን አይወዱትም፤ ራሱን ወዳድና ቂመኛ ነው፣ ይሰርቃል እያሉም ይከሱት ነበር። አልጋውን ስለማያቈሽሽ አንሶላው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ይለወጥ ነበርና፣ ከቀኝ እግሩ የጀመረው ከባድ ቍስል ሙሉ እግሩን እስኪይዘው ድረስ ማንም ልብ አላለለትም።

ብሮካ ይህን ሰው እንዴት እንደ መረመረው ጽፎ ስለ ተወልን፣ ዛሬ እንኳ የምርመራው ሰዓት በዓይናችን ፊት እንዳለ ሆኖ ይታየናል። ሐኪሙ በቢሴትር ስንት ዓመት ኖርህ ብሎ ጠየቀው። ሌቦርኝ ደኅና የሆነውን ግራ እጁን ዘርግቶ አምስቱን ጣቶቹን አራት ጊዜ አከታትሎ አሳየና በመጨረሻ አንድ ጣት ብቻ ጨመረ፤ ሃያ አንድ ዓመት ማለቱ ነው፤ እውነቱም ይኸው ነበር። በማግሥቱ ብሮካ ያንኑ ጠየቀው፤ ያንኑ መለሰለት። ለሦስተኛ ጊዜ ለፈተና ያህል ሊጠይቀው ቢል፣ ሕመምተኛው የሚጫወቱበት መሆኑን ተረድቶ ተቈጣ፤ በቍጣውም ጊዜ ብቻ ከአፉ የምትወጣው፣ የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ የምትጠራ አንዲት መሐላ አመለጠችው። የኪስ ሰዓት ሲያሳዩት ጥቂት ተመልክቶ ሰዓቱን በትክክል አመለከተ። ሕመሙ በምን ቅደም ተከተል እንደ ያዘው ሲጠየቅም መጀመሪያ ምላሱን፣ ቀጥሎ ቀኝ እጁን፣ ከዚያም ቀኝ እግሩን አሳየ። በአንዳንድ ጥያቄዎች ላይ መልሱ ግራ የተጋባ መሆኑን ብሮካ ሳይሸሽግ ጽፏል፤ ፍርዱ ግን ግልጽ ነበር፤ ይህ ሰው የሚሰማውን ያስተውላል፤ ምላሱና ከንፈሩም ይንቀሳቀሳሉ፤ የጠፋበት አሳብን በተቀነባበረ ቃል የማውጣት ችሎታ ነው።

ሌቦርኝ በሚያዝያ 17 ቀን ዐረፈ። ብሮካ ሬሳውን ከመረመረ በኋላ በማግሥቱ አንጎሉን ወደ ማኅበሩ ጉባኤ ይዞ ሄደ። በግራ በኩል፣ በግንባር ባለው የአንጎል ክፍል ላይ የዶሮ እንቍላል የሚይዝ የሚያህል ጎድጓዳ ስፍራ ፈሳሽ ሞልቶት ተገኘ፤ የጉዳቱም መነሻ ሦስተኛው የግንባር እጥፋት እንደ ሆነ ብሮካ አመለከተ። በዚያው ዓመት በመጸው ወራት ሌሎንግ የተባለ የ84 ዓመት ሽማግሌ አጥንቱ ተሰብሮ ወደ ብሮካ ክፍል ገባ። ይህ ሰው ከዓመት ከመንፈቅ ያህል በፊት በድንገት ወድቆ ንግግሩን ካጣ ወዲህ የሚያወጣቸው ቃላት አምስት ብቻ ነበሩ፤ ለቍጥር ሁሉ «ሦስት» የሚለውን ቃል ያውም አጣሞ ይናገር ነበር፤ እውነተኛውን ቍጥር ግን በጣቶቹ ያሳይ ነበር። ስንት ልጆች አሉህ ሲሉት «ሦስት» ብሎ አራት ጣት ያነሣል፤ ወንዶቹ ስንት ናቸው ሲሉት «ሦስት» ብሎ ሁለት ጣት፣ ሴቶቹም ሲሉት እንዲሁ ሁለት ጣት ያነሣል። ከሞተ በኋላ በአንጎሉ የተገኘው ጉዳት ከሌቦርኝ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ስፍራው ግን ያው ነበር።

ብሮካ ሌሎችን ሕሙማን እየጨመረ ሲመረምር ጉዳቱ ሁሉ በግራ ወገን መሆኑን አይቶ ራሱም ተደነቀ፤ ተፈጥሮ ሁለቱን ወገን አንድ ዓይነት አድርጋ ሳለች ሥራቸው ይለያያል ማለት በዚያን ጊዜ የሚከብድ ነገር ነበርና። በ1865 ግን የምንናገረው በግራው የአንጎል ወገን ነው ብሎ በይፋ ጻፈ። በዚያው ዓመት ጉስታቭ ዳክስ የተባለ ሐኪም፣ አባቱ ማርክ ዳክስ በደቡብ ፈረንሳይ ተቀምጦ በ1836 ይህንኑ ጽፎ እንደ ነበር አሳወቀ፤ ስለዚህ የቀዳሚነቱ ክብር ለማን እንደሚገባ እስከ ዛሬ ድረስ የታሪክ ጸሐፊዎች ይነጋገሩበታል።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1874 በብሬስላው ከተማ ካርል ቬርኒኬ የተባለ የ26 ዓመት ወጣት ሐኪም፣ ከሌቦርኝ ጋር ፍጹም ተቃራኒ የሆኑ ሕሙማንን ገለጸ። እነዚህ ሰዎች ሳይደናቀፉ ብዙ ይናገራሉ፤ ንግግራቸው ግን ፍቺ የለውም፤ ሌላው ሰው የሚላቸውንም አይረዱም። ጉዳታቸው የተገኘው በግራው ጆሮ በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ነው። ቬርኒኬ ከዚህ ተነሥቶ፣ ንግግር በአንድ ስፍራ ብቻ የሚያድር ኃይል እንዳይደለ፣ ቃልን የሚሰማው ክፍልና ቃልን የሚያወጣው ክፍል በነርቭ መስመሮች ተያይዘው የሚፈጽሙት ሥራ መሆኑን አስተማረ። በማኅሌት ጊዜ ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው፤ አንዱ ቢጎድል ጉድለቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ዝማሬው ግን በአንዱ ብቻ አለ ሊባል አይችልም። አንጎልም በዚህ ዓይነት ይሠራል፤ እንግዲህ ጋልና ፍሉራንስ እያንዳንዳቸው የእውነትን ከፊል ይዘው ነበር።

ብሮካ ካደረጋቸው መልካም ነገሮች አንዱ የሌቦርኝን አንጎል ሳይቈራርጥ እንዳለ ለኋለኛው ትውልድ ማስቀመጡ ነው። አንጎሉ በፓሪስ ዱፕዊትረን ሙዚየም በፈሳሽ ውስጥ ተጠብቆ ኖሮ፣ ኒና ድሮንከርስና የሥራ ጓደኞችዋ በ2007 ባሳተሙት ጥናት የሌቦርኝና የሌሎንግ አንጎል ኤም አር አይ በሚባለው መሣሪያ ተመረመረ። ጉዳቱ ብሮካ ከላይ ካየው ይልቅ ወደ ውስጥ ጠልቆ፣ የፊተኛውን ክፍል ከኋለኛው የሚያገናኙትንም መስመሮች ነክቶ ተገኘ። ብሮካ የሠራውን በታማኝነት ስለ ጠበቀ፣ ከ146 ዓመት በኋላ የመጡት ሊቃውንት አሳቡን ሊያርሙና ሊያሟሉ ቻሉ።

ከዚህም የሚመሳሰል ነገር በማስታወስ ኃይል ላይ ታይቷል። በ1953 በአሜሪካ በሃርትፎርድ ከተማ፣ ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ የ27 ዓመት ወጣት የሚጥል በሽታው እንዲታገሥለት ተብሎ ከሁለቱም ወገን ከአንጎሉ የውስጠኛ ክፍል ሂፖካምፐስ ከሚባለው ትልቅ ክፍል ተቈርጦ ወጣለት። በሽታው ቀለል አለለት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን አዲስ የሚያጋጥመውን ነገር ሁሉ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ማስታወስ ተሳነው። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ሊቅ ከሞንትሪያል እየመጣች ስትመረምረው፣ እጁን በመስተዋት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል መስመር እንዲከተል አደረገች፤ ከቀን ወደ ቀን እጁ እየቀና ሄደ፤ እርሱ ግን ሥራውን ከዚህ በፊት ፈጽሞ አይቼው አላውቅም ይል ነበር። በዚህም የእጅ ልምድና የነገር ትዝታ የተለያዩ ኃይላት መሆናቸው ታወቀ። ሞሌሰን በ2008 እስኪሞት ድረስ ለመርማሪዎች ሁሉ በበጎ ፈቃድ ራሱን ሰጥቶ ኖረ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሚዛኑ ከአንድ ኪሎ ተኩል ያነሰው፣ ወደ 86 ቢሊዮን የሚደርሱ የነርቭ ሴሎች ያሉት አንጎል፣ በዚህ ዓለም ለምናስበውና ለምንናገረው፣ ለምናስታውሰውም ሁሉ የግድ የሚያስፈልግ መሣሪያ መሆኑ ነው፤ ትንሽ ክፍሉ ሲጎዳ ከአእምሮ ኃይላት አንዱ ብቻ ተለይቶ ሊጠፋ ይችላል። ነፍስ በባሕርይዋ ምን እንደ ሆነች መናገር የነገረ መለኮት ሊቃውንት ፈንታ ነው፤ ሐኪሞች ያረጋገጡት ግን የሥጋዋን መሣሪያ ነው፤ ይህም ዕውቀት ሃይማኖት ላለው ሰው የሚያስፈራው አይደለም። ሁለተኛው ትምህርት፣ ከአእምሮ ኃይላት አንዱ ስለ ጠፋ ሰውዬው ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ድምፅ ብቻ የኖረው የጫማ ፎርማ ሠሪ ዓመታቱን ይቈጥር፣ ሰዓቱን ያነብ፣ ሲንቁትም ይቈጣ ነበር።

ስለዚህ በየቤታችን በስትሮክ ተመትቶ ንግግሩ የተያዘበት አባት ወይም እናት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ያለን ሁሉ ልናስብበት ይገባል። ዝም ስላለ አእምሮውን ስቷል ብለን አንፍረድ፤ በራሱ ላይ ቆመን እንደሌለ ሰው ስለ እርሱ አናውራ፤ መልሱንም ቀድመን አንንጠቀው። ፊት ለፊቱ ተቀምጠን፣ በአጭር ቃል ጠይቀን፣ ጣቱንና ዓይኑን እየተመለከትን መልሱን እንጠብቅ፤ ወደ ሐኪምና ወደ ንግግር ሕክምና ባለሙያ ለማድረስም አንዘግይ፤ ንግግር በልምምድ የሚመለስላቸው ብዙዎች ናቸውና።